ማታ ማንኮራፋት እንዴት ይቀነሳል?



ቀኑን ሲያርስ የዋለ ሰው ማታ ደህና እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ታዲያ በአንድ ቤት አንዱ ሲያንኮራፋ ሌላው ዓይኑን ሳይከድን ያነጋል። ሲነጋ ጭቅጭቅ ነው። ያንኮራፋው ሰው ግን ምንም አልሰማም፤ ቢነግሩትም አያምን።

ስንተኛ የጉሮሯችን ሥጋ ይላላል። ምላስም ወደ ኋላ ይሸሻል። የአየሩ መንገድ ሲጠብ ትንፋሹ የላላውን ሥጋ ያርገበግበዋል። ነፋስ የድንኳን ጨርቅ ሲመታ እንደሚጮኸው ማለት ነው።

በጀርባ መተኛት ይህን ያብሳል። ስለዚህ በጎን ተኙ። እንቅልፍ ወስዶት ማን ጎኑን ይጠብቃል ትሉ ይሆናል። አሮጌ ጨርቅ እንደ ኳስ ጠቅልላችሁ በምትተኙበት ሸሚዝ ጀርባ ላይ ስፉት። በጀርባችሁ ስትገለበጡ ይቆረቁራችሁና ወደ ጎን ትመለሳላችሁ። ያስቃል እኮ፤ ግን ብዙ ሰው ረድቷል።

ጠላና አረቄ የጉሮሮን ሥጋ ይበልጥ ያላላሉ። አረቄ እንቅልፍ ያመጣል ይባላል። አዎን፣ ማንኮራፋቱንም አብሮ ያመጣል። የምድጃ ጭስና ትንባሆም አፍንጫንና ጉሮሮን ያሳብጣሉ። እንደ ደባርቅ ባለ ደጋ ለብርዱ ሲባል በር ተዘግቶ እሳት ይነዳል። ዛሪማ ግን ቆላ ስለሆነ ምድጃውን ከመኝታው ማራቅ አይከብድም።

ከሁሉ የሚብሰው የልጆች ነገር ነው። ልጅ ሲያንኮራፋ ወይም ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ በምላጭ የሚቆረጥበት ቤት አለ። እባካችሁ፣ ይህ ጎጂ ልማድ ነው! ሕፃኑ ደሙ ፈስሶ ሊሞት ይችላል። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ መንጋጋ ቆልፍም ይይዘዋል። አንድ ምላጭ ለብዙ ልጅ ሲሆን ኤች አይ ቪ ያስተላልፋል። ደግሞም ልጅን ብዙ ጊዜ የሚያስንኮራፋው የቶንሲል እብጠት ነው። ቶንሲል ከእንጥል ግራና ቀኝ ያለ ሌላ ሥጋ ነው። እንጥሉ ቢቆረጥ ቶንሲሉ ያው ነው። ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ትልቅ ሰውም እያንኮራፋ ድንገት ጸጥ ካለ፣ ትንፋሹ ቆሞ እንደ ታነቀ ሰው ከባነነ፣ ቀን በሥራ ላይም ካንቀላፋ፣ ይህ በሽታ ነው። የደም ግፊት ያመጣል፤ ልብንም ይጎዳል። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የሚነዳ ሾፌር ከሆነማ አንድ ቀን አይደር። ወደ ሐኪም ሲኬድ ሚስት ወይም ባል አብሮ ይሂድ፤ ሌሊት የሆነውን የሚያውቀው አጠገቡ የተኛው ነው።