የሌሊት ሰማይ ፎቶግራፍን ከቀለም ኖይዝ ማጽዳት - ከዋክብቱን ሳያጠፉ

ደሴ፦ ዝናቡ አብቅቶ ሰማዩ በሚጠራባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ምሽቶች፣ ከደሴ ከተማ መብራት ጥቂት ወጣ ብሎ በዲጂታል ካሜራ የተነሳ የኦሪዮን ከዋክብት ፎቶግራፍ በኮምፒውተር ሲከፈት ጥቁር ሰማይ ብቻ አያሳይም። በጨለማው ክፍል ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣቦች ተበትነው ይታያሉ። የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ይህንን የቀለም ኖይዝ ይሉታል። ነጠብጣቦቹ በሰማይ የሌሉ፣ ካሜራው ራሱ የፈጠራቸው ናቸው።

መንስኤው ከካሜራው የብርሃን መቀበያ አሠራር ይመነጫል። በመቀበያው ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ሕዋሳት የብርሃን መጠንን እንጂ ቀለምን አይለዩም። በመሆኑም ከየአራቱ ሕዋሳት ሁለቱ በአረንጓዴ፣ አንዱ በቀይ፣ አንዱ በሰማያዊ ማጣሪያ ይሸፈናሉ፤ የጎደሉትን ቀለሞች ፕሮግራሙ ከጎረቤት ሕዋሳት ገምቶ ይሞላል። ብርሃን ሲያንስ የአንዱ ሕዋስ የቆጠራ ስህተት ወደ ጎረቤቶቹ ተዛምቶ ባለቀለም ነጠብጣብ ይሆናል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ የታየውን የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ ያነሱ ሰዎች ይህ ችግር ያልገጠማቸው፣ የፀሐይ ብርሃን በማጣሪያ ጭምር መቀነስ የነበረበት በመሆኑ ነው።

ሁለተኛው መንስኤ ሙቀት ነው። የመቀበያው ሙቀት ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ያለ ብርሃን የሚመነጨው የኤሌክትሪክ ምልክት በእጥፍ ገደማ ያድጋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። የከፍታ ልዩነቱ ብቻውን 4 ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት ስለሚያስከትል፣ ያው ካሜራ በኮምቦልቻ የበለጠ ኖይዝ ቢያሳይ ሊያስገርም አይገባም።

በኮምቦልቻ አቅጣጫ በሚነሱ ፎቶግራፎች ላይ በአድማስ በኩል የሚታየው ብርቱካናማ ወጋገን ግን ኖይዝ አይደለም። የፋብሪካዎች፣ የመንገዶችና የመኖሪያ ቤቶች መብራት በአየር ላይ ተበትኖ የሚፈጥረው እውነተኛ ብርሃን ነው። ሁለቱን አደባልቆ በአንድ መሣሪያ ለማጥፋት መሞከር በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደ ስህተት ሲሆን፣ ውጤቱም ግራጫና ሕይወት የሌለው ሰማይ ነው።

የማጽዳቱ ሥራ የሚጀመረው ከኮምፒውተሩ በፊት ነው። ምስሉ በጄፔግ ሳይሆን ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል መቀመጥ ይኖርበታል። የሌንሱን ክዳን ዘግቶ በተመሳሳይ የጊዜ ርዝመት፣ የአይ.ኤስ.ኦ. መጠንና ሙቀት የሚነሳው ጥቁር ምስል ከዋናው ሲቀነስ፣ ከሙቀት የመጡትና ቦታቸውን የማይለቁት ነጥቦች ይወገዳሉ። ቀሪው ኖይዝ በየምስሉ ቦታውን ስለሚለዋውጥ፣ የአንድ ሰማይ ብዙ ምስሎችን ደርቦ አማካይ መውሰድ ያዳክመዋል። 16 ምስሎች ሲደረቡ ኖይዙ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ሲሪል የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህንን ያከናውናል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ለፎቶሾፕ ወይም ለጊምፕ ነው። ቁም ነገሩ ብርሃንንና ቀለምን መለያየት ነው። በፎቶሾፕ ምስሉ ወደ "ላብ" የቀለም ሥርዓት ሲቀየር ብርሃኑ በ"ኤል"፣ ቀለሙ ደግሞ በ"ኤ" እና "ቢ" ቻናሎች ይለያል። "ኤል" ሳይነካ ሁለቱን የቀለም ቻናሎች ብቻ በመጠኑ ማደብዘዝ ነጠብጣቦቹን ያጠፋል። በጊምፕ ደግሞ የምስሉ ቅጂ በላዩ ተደርቦ ከደበዘዘ በኋላ፣ ቅጂው ቀለሙን ብቻ እንዲያበረክት ይደረጋል። የሰው ዓይን የነገሮችን ዝርዝር በዋናነት የሚለየው በብርሃን ልዩነት በመሆኑ የቀለሙ መደብዘዝ አይታወቀውም። የቀለም ቴሌቪዥን ሥርጭትም የተመሠረተው በዚሁ የዓይን ባሕርይ ላይ ነው።

ከመጠን ያለፈ ማደብዘዝ ግን የከዋክብትን ቀለም ያፈሳል። የከዋክብት ቀለም ጌጥ ሳይሆን የሙቀት መለኪያ ነው፤ በኦሪዮን ውስጥ ቀይ የሚመስለው ቤተልጌዝ 3 ሺህ 500 ኬልቪን ገደማ፣ ነጭ ሰማያዊው ራይጀል ደግሞ 12 ሺህ ኬልቪን ገደማ የገጽ ሙቀት አላቸው። ስለዚህ ከዋክብቱን በማስክ ከልሎ ጀርባውን ብቻ ማጽዳት ይመረጣል። አረንጓዴ ቀለምን ለይቶ የሚቀንሰው መሣሪያም፣ አረንጓዴ የሚመስል ኮከብ የለም ማለት ስለሚቻል፣ በአብዛኛው ጉዳት የለውም። ጅራታም ኮከብ ሲነሳ ግን ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል ጥንቃቄ ይሻል።

ጉዳዩ ፎቶግራፍ ተቀብለው ለኅትመት ወይም ለመዝገብ የሚያውሉ መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። ለቱሪዝም በራሪ ጽሑፍ የተዋበ ምስል ይበቃል፤ ለሳይንሳዊ መረጃነት ግን አይበቃም። በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እንዳሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች በሚሠራ ምርምር የኮከብ ብርሃን የሚለካው ለዓይን ከመዋቡ በፊት ባለው ምስል ላይ ነው። በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠሩ አዳዲስ የማጽጃ ፕሮግራሞች ደግሞ ደብዛዛ ከዋክብትን ሊያጠፉ፣ የሌለ ዝርዝርም ሊፈጥሩ ይችላሉ። ስለሆነም ከተዋበው ምስል ጋር ጥሬውን ፋይልና የተደረገበትን ማስተካከያ ዝርዝር ጠይቆ ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

ምስሉ አለመጎዳቱን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ቀላል ፍተሻ ነው። በሰባቱ ከዋክብት አካባቢ አንድ ትንሽ ክፍል ተመርጦ ከማጽዳቱ በፊትና በኋላ በሙሉ መጠኑ ይነጻጸራል። በሁለቱም የከዋክብቱ ቁጥር እኩል ሊሆን ይገባል፤ ከማጽዳቱ በኋላ ካነሰ የማደብዘዣው መጠን ተቀንሶ ሥራው ይደገማል።