ለሁሉ የተከፈተ መንገድና ለአንድ ቤት የታሰበ ገበያ
በኮኒ አይላንድ የባሕር ዳር መመላለሻ ላይ ስለ ተነሣው ክርክር

የአንድ ሱቅ ዋጋ በግድግዳውና በመደርደሪያው ብቻ የሚለካ አይደለም። በበሩ ፊት የሚያልፈው ሰው ብዛትም ከዋናው ገንዘብ እንደ አንዱ ይቈጠራል። ማንኛውም ባለሱቅ ቦታ ሲከራይ አስቀድሞ የሚመለከተው መንገዱን ነው። መንገዱ ሕዝብ የሚመላለስበት ከሆነ የኪራዩን ውድነት ይታገሣል፤ ጭር ያለ ከሆነ ግን ርካሹም ኪራይ ያስፈራዋል። ይህ ቀላል እውነት በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን ደቡብ ጫፍ በሚገኘው ኮኒ አይላንድ በተባለው የባሕር ዳር ሰፈር ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ቈይቷል። የክርክሩ የቅርብ ጊዜ ምዕራፍ የተዘጋው በ2025 ዓ.ም. ሲሆን፣ ነገሩ ለነጋዴ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት ስላለበት ከመጀመሪያው አንሥቶ መመልከት ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መንገዱ እንዴት ተሠራ

በአሜሪካ የባሕር ዳር የእንጨት መመላለሻ የመጣው ከነጋዴ ሐሳብ ነው። በኒው ጀርሲ ጠረፍ በምትገኘው በአትላንቲክ ሲቲ ከተማ፣ ሆቴል ያላቸው ሰዎችና አንድ የባቡር ሠራተኛ፣ እንግዶች ከባሕር ሲመለሱ በእግራቸው ይዘውት የሚገቡት አሸዋ ምንጣፉንና ወንበሩን ስላበላሸባቸው፣ በአሸዋው ላይ የሳንቃ መንገድ እንዲነጠፍ ጠየቁ። መንገዱም በ1870 ዓ.ም. ተነጠፈ። አሸዋ ለመከላከል የታሰበው ሳንቃ ግን ብዙ ሳይቈይ ራሱ ገበያ ሆነ።

በኮኒ አይላንድ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ የመታጠቢያ ቤትና የመዝናኛ ስፍራ ባለቤቶች የባሕሩን ዳርቻ በየፊናቸው በአጥር ከፋፍለውት ስለ ነበር፣ ገንዘብ ያልከፈለ ሰው በባሕሩ ዳር እንደ ልቡ መሄድ አይችልም ነበር። በ1920 ዓ.ም. የከተማው ባቡር እስከ ሰፈሩ ደረሰና በአምስት የአሜሪካ ሳንቲም ክፍያ ሠራተኛው ሕዝብ በገፍ ይጐርፍ ጀመር። ማዘጋጃ ቤቱም አሸዋ ከባሕር ወለል በመሣሪያ አስወጥቶ ዳርቻውን አሰፋ፤ በላዩም ሰፊ የእንጨት መንገድ አሠርቶ ሜይ 15 ቀን 1923 ዓ.ም. ለሕዝብ ከፈተው። መንገዱ በጊዜው የብሩክሊን አስተዳዳሪ በነበሩት በኤድዋርድ ሪግልማን ስም ተጠራ። በኋላም እየተራዘመ ሄዶ ርዝመቱ ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ፤ ወርዱም በሰፊው ክፍል 80 ጫማ ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውም የሌለውም፣ የሚገዛውም የማይገዛውም ሰው በባሕሩ ዳር ያለ ክፍያ ይመላለሳል።

የአምስት ሳንቲም ንግድ

የዚህን ሰፈር ንግድ ጠባይ ለመረዳት የሁለት ቋሊማ ሻጮችን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ቻርልስ ፌልትማን የተባለ ጀርመናዊ ስደተኛ ትኵስ ቋሊማ በዳቦ ውስጥ አድርጎ በጋሪ መሸጥ ጀመረና ከጊዜ በኋላ እጅግ ትልቅ ምግብ ቤት አቋቋመ። በእርሱ ቤት ዳቦ እየሰነጠቀ ያገለግል የነበረ ናታን ሀንድወርከር የተባለ የፖላንድ ስደተኛ ደግሞ፣ ያጠራቀማትን ጥቂት ገንዘብ ይዞ በ1916 ዓ.ም. የራሱን አነስተኛ ሱቅ ከፈተ። ፌልትማን አንዱን ቋሊማ በ10 ሳንቲም ሲሸጥ ናታን በ5 ሳንቲም ሸጠ። ባቡሩ በመጣ ጊዜ ከጣቢያው የሚወጣው ሕዝብ በናታን ሱቅ ፊት ያልፍ ስለ ነበር፣ በትንሽ ትርፍ ብዙ የሸጠው ሰው ስሙ በአሜሪካ ሁሉ የታወቀ ኩባንያ መሠረተ።

ናታን ጌታውን ሊወዳደር የቻለው መንገዱ ለሁለቱም እኩል የተከፈተ ስለ ነበር ነው። ሕዝቡ ወደ አንድ ትልቅ ቤት ገብቶ በሩ የሚዘጋበት ቢሆን ኖሮ፣ የአምስት ሳንቲሙ ሻጭ ገዢ ባላገኘ ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ ክርክር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሰፈሩ ንግድ እየቀዘቀዘ መጣ። የራሱ አውቶሞቢል ያለው ሰው ራቅ ወዳለ የባሕር ዳር መሄድ ጀመረ፤ የሰፈሩም ቤቶች አረጁ። ስቲፕልቼዝ ፓርክ የተባለው ታዋቂ የመዝናኛ ስፍራ በ1964 ዓ.ም. ተዘጋ። በተከታዩ ዓመት ፍሬድ ትራምፕ የተባሉት ቤት ሠሪ፣ ማለትም የኋለኛው ፕሬዚዳንት የዶናልድ ትራምፕ አባት፣ መሬቱን ገዝተው ረጃጅም መኖሪያ ቤቶች ሊሠሩበት አሰቡ። ቦታው ግን በከተማው ደንብ ለመዝናኛ ብቻ የተመደበ ነበር። ደንቡ ሳይለወጥላቸው በ1966 ዓ.ም. ትልቁን የመስተዋት አዳራሽ አፈረሱት፤ በዚያም ቀን እንግዶች ጠርተው በመስተዋቱ ላይ ጡብ እንዲወረውሩ ማድረጋቸው እስከ ዛሬ በሰፈሩ ሰው ዘንድ በቅሬታ ይነገራል።

የደንቡ ለውጥ ተከለከለ፤ በ1969 ዓ.ም. መሬቱ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ገባ። ይሁን እንጂ ተቃውሞው ሥራውን አስቀረ እንጂ ሌላ ሥራ አላቆመበትም። መሬቱ ለብዙ ዓመታት ያለ በቂ ጥቅም ከቈየ በኋላ በ2001 ዓ.ም. የቤዝቦል መጫወቻ ሜዳ ተከፈተበት። እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ የሚያደርሰው ኪሳራ በማንም የሒሳብ መዝገብ ባይጻፍም፣ በአካባቢው ያለው ባለሱቅ ግን በየዕለቱ ይከፍለዋል።

የኪራይ ውል ጭንቀት

ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ቶር ኢኩዊቲስ የተባለው ኩባንያ በሰፈሩ ብዙ መሬት እየገዛ ሆቴልና ትልልቅ መደብሮች ለመሥራት ዕቅድ አቀረበ። በ1962 ዓ.ም. የተከፈተው አስትሮላንድ የተባለው መዝናኛ ውሉ ሳይታደስለት ቀርቶ በ2008 ዓ.ም. ተዘጋ። በ2009 ዓ.ም. የከተማው ምክር ቤት አዲስ የመሬት አመዳደብ ደንብ አጸደቀ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ከኩባንያው ሰባት ኤክር ገደማ መሬት በ95.6 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ለሌላ የመዝናኛ ድርጅት አከራየ። በ2010 ዓ.ም. ሉና ፓርክ የተባለው አዲስ መዝናኛ ተከፈተ፤ ገበያተኛም ተመለሰ።

ነገር ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በእንጨቱ መንገድ ዳር ለዘመናት ምግብና መጠጥ ሲሸጡ ለኖሩ ባለሱቆች ቦታውን እንዲለቁ ማስታወቂያ ደረሳቸው። ምክንያቱም አዲሱ ተከራይ መንገዱን በዘመናዊ መደብሮች ማሳመር ፈልጎ ነው። ከእነርሱም ስምንቱ ተባብረው ተከራከሩ። ብዙ ደንበኞቻቸውም ከጎናቸው ቆሙ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት አንድ ተጨማሪ የሙቀት ወራት እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። በመጨረሻም ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ሩቢስ የተባለው መጠጥ ቤትና አንድ ሌላ ምግብ ቤት ሱቃቸውን እንዲያድሱ ግዴታ ገብተው አዲስ ውል አገኙ፤ ሌሎቹ ግን ለቀቁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በዚህ ላይ በከፊል ተፈጽሟል ማለት ይቻላል። ከፊሉ ሳይፈጸም የቀረውም በውል ምክንያት ነው። የአጭር ጊዜ ውል ያለው ነጋዴ የሠላሳ ዓመት ደንበኛ ቢኖረውም ቦታውን ለማስከበር በእጁ ያለው ሰነድ ደካማ ነው።

መንገዱ ራሱ ግን ልዩ ጥበቃ አገኘ። ማዘጋጃ ቤቱ የእንጨቱን ወለል በየቦታው በሲሚንቶ መተካት ሲጀምር ነዋሪዎች አጥብቀው ተቃወሙ። ሜይ 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ መንገዱ በተከፈተ በዘጠና አምስተኛው ዓመት፣ የከተማው የቅርስ ጥበቃ ኮሚሲዮን መመላለሻውን ከከተማው ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዘገበው።

የቁማር ቤቱ ዕቅድ

በ2022 ዓ.ም. የኒው ዮርክ መንግሥት በከተማውና በአካባቢው ሦስት ትልልቅ የቁማር ቤቶች እንዲከፈቱ መንገድ አበጀ። ቶር ኢኩዊቲስም ከሌሎች ባለገንዘቦች ጋር ተባብሮ በኮኒ አይላንድ የቁማር ቤት፣ ሆቴልና የስብሰባ አዳራሽ ለመሥራት አመለከተ። የሥራው ግምት በቢሊዮን የሚቈጠር ዶላር ሲሆን፣ ለሰፈሩ ልማት የሚውል 200 ሚሊዮን ዶላርም ሊሰጥ ቃል ተገባ።

ለዕቅዱ የቀረበው ምክንያት ቀላል አልነበረም። የኮኒ አይላንድ ገበያ በአብዛኛው ከሆሳዕና ሰሞን እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ የሚቈይ ነው። በክረምቱ ብርድ ብዙው ሱቅ ይዘጋል፤ ሠራተኛውም ይበተናል። በሰፈሩ ድህነትና ሥራ ማጣት አለ። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ትልቅ ድርጅት ቋሚ ደመወዝ ያመጣል ብለው የሠራተኞች ማኅበራትና አንዳንድ ነዋሪዎች ዕቅዱን ደገፉ። ይህን ሐሳብ እንደ ተራ የስግብግብነት ምኞት ቈጥሮ መናቅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ተቃዋሚዎቹም ነዋሪዎችና ከመዝናኛው ባለቤቶች አንዳንዶቹ ነበሩ። የትራፊክ መጨናነቅና የቁማር ሱስ የሚያመጣውን ጉዳት ጠቀሱ። ከንግድ በኩል ያቀረቡት ክርክር ግን ይበልጥ የሚታሰብበት ነው። የቁማር ቤት አሠራሩ እንግዳውን ከውስጥ ማቈየት ነው፤ ምግቡን፣ መጠጡን፣ መኝታውንና ዘፈኑን በአንድ ጣራ ሥር ያቀርብለታል። አንዳንዴም እንግዳው በጨዋታው እንዲቈይ ምግቡን በነጻ ይሰጠዋል። ነጻ ምግብ ከሚሰጥ ቤት ጋር በዋጋ የሚወዳደር ባለምግብ ቤት ደግሞ የለም። ስለዚህ ወደ ሰፈሩ የሚመጣው እንግዳ ቢበዛም በመንገዱ የሚመላለሰው ሰው ሊያንስ ይችላል አሉ።

ለዚህም የሚጠቀሰው ምስክር የሳንቃው መንገድ የተፈጠረባት አትላንቲክ ሲቲ ናት። በዚያ በ1976 ዓ.ም. ሕዝቡ በድምፁ ቁማርን ፈቀደ፤ የመጀመሪያው ቤት በ1978 ዓ.ም. ተከፈተ። ብዙ ሰው ሥራ አገኘ፤ መንግሥትም ብዙ ቀረጥ ሰበሰበ። ነገር ግን ከቁማር ቤቶቹ ውጭ የነበሩ ብዙ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ተዘጉ። በጎረቤት ግዛቶች ተመሳሳይ ቤቶች ሲበዙም ገበያው ተከፋፈለና በ2014 ዓ.ም. ብቻ አራት ትልልቅ የቁማር ቤቶች በራቸውን ዘጉ።

በ2025 ዓ.ም. መጀመሪያ የአካባቢው የነዋሪዎች ቦርድ ከዕቅዱ ጋር የቀረበውን የመሬት ጥያቄ ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ፤ የቦርዱ ድምፅ ግን ምክር እንጂ ትእዛዝ አልነበረምና የከተማው ምክር ቤት በዚያው ዓመት የመሬቱን ጥያቄ አጸደቀ። የመጨረሻው ውሳኔ ለስድስት አባላት ኮሚቴ የተተወ ሲሆን፣ ዕቅዱ እንዲያልፍ ቢያንስ አራት የድጋፍ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። ኮሚቴው በሕዝብ ፊት የብዙ ሰው አቤቱታ ከሰማ በኋላ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2025 ዓ.ም. ተሰብስቦ አራት በተቃውሞ፣ ሁለት በድጋፍ ድምፅ ሰጡ። ዕቅዱም ወደቀ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት

አንደኛ፣ የሕዝብ ፈቃድ እንደ ዋና ገንዘብ የሚቈጠር ነገር ነው። ብዙ ቢሊዮን ያለው ድርጅት መሬት ሊገዛ፣ ዐዋቂ ሊቀጥርና የምክር ቤት ድጋፍ ሊያገኝ ይችላል። በዚያ የሚኖረውና የሚነግደው ሰው ካላመነው ግን ገንዘቡ ያለ ሥራ ይቀመጣል። የሕዝቡን ሐሳብ ከሥራው በፊት የጠየቀ ነጋዴ ወጪው ትንሽ ነው፤ ከሥራው በኋላ የጠየቀ ግን ብዙ ይከፍላል።

ሁለተኛ፣ ለትናንሽ ነጋዴዎች ትልቁ ዋስትና የጋራው መንገድና የረዥም ጊዜ ውል ናቸው። በኮኒ አይላንድ መንገዱ ጥበቃ ሲያገኝ፣ በመንገዱ ዳር የነበሩት ሱቆች ብዙዎቹ ውል በማጣት ጠፍተዋል። ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ መንገድ የባለሱቁን ኪራይ አይጠብቅም። ባለሱቅ ገበያው ደህና በሆነበት ጊዜ ውሉን ማጽናት ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ ተቃውሞ ብቻውን ንግድ አይሆንም። የስቲፕልቼዝ መሬት ያለ በቂ ጥቅም የቈየበት ዘመን ይህን በግልጥ ያሳያል። የቁማር ቤቱ ዕቅድ በመውደቁ የክረምቱ ወራት አልሞቁም፤ ሥራ ፈላጊውም ሥራ አላገኘም። ዕቅዱን የተቃወሙት ነጋዴዎች አሁን የቀረባቸው ጥያቄ ከበፊቱ ይከብዳል፤ ይኸውም ለአንድ ቤት ሳይሆን ለመንገዱ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ገበያተኛ የሚያመጣ ሥራ ምንድር ነው የሚለው ነው።

የመመላለሻው ጥቅም ሰውን ሳያስገድድ ማሳለፉ ነው። ዛሬ ምንም ሳይገዛ ያለፈው መንገደኛ ነገ ልጆቹን ይዞ ተመልሶ ሊገዛ ይችላል። የአምስት ሳንቲሙን ቋሊማ ሻጭ ባለኩባንያ ያደረገው እንዲህ ያለው መንገደኛ ነበር።