የቅጥር ግቢያችንን ዛፎች በእጅ ስልክ ስለ መመዝገብ

በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪና በአካባቢው ባሉ አጥቢያዎች ቅጥር ግቢ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ዛሬም ቆመው ይታያሉ። በዙሪያው ብዙው መሬት በእርሻና በባሕር ዛፍ ተይዟልና፣ ለችግኝ የሚሆነው ዘር የሚለቀመው ከእነዚህ ጥቂት እናት ዛፎች ነው። አንዱ በነፋስ ቢወድቅ ግን ምን እንደ ጠፋ የሚያውቁት ምናልባት አንድ አረጋዊ ካህን ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ምዝገባውን እንዲጀምሩ እናሳስባለን።

ለዚህ ሥራ ዘመናዊ የእጅ ስልክ ይበቃል። ቦታን የሚለካው ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት በመሆኑ ኔትወርክ በሌለበትም ያገለግላል። በጥቅጥቅ ዛፍ ሥር ልኬቱ ስለሚዋዥቅ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይገባል። አምቦ የምትገኘው በሰሜን ኬክሮስ 8.98፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 37.85 ዲግሪ ገደማ ነው። ከነጥቡ በኋላ በሁለት አኃዝ ብቻ ማቆም ዛፉን በመቶ ሜትሮች ሊያርቀው ስለሚችል አምስት አኃዝ ይጻፍ። ሁለቱን ቁጥሮች ያቀያየረ ደግሞ የአምቦን ዝግባ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ተከለው ማለት ነው!

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የዘመን አቆጣጠር ነው። ስልኩ ለፎቶግራፉ የሚሰጠው ቀን የፈረንጆቹ ነው፤ እኛ የምንጽፈው የራሳችንን ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በእነርሱ ኦክቶበር 15 ቀን 2025 ይውላል። «5/2/2018» ብለን ብንተወው ግን እንግዳ አንባቢ ፌብሩዋሪ ወር፣ ያውም ከሰባት ዓመት በፊት ያደርገዋል፤ በጥቅምት ያበበው ዛፍም በበጋ እንዳበበ ይቆጠራል። የዘር መልቀሚያው ወቅት የሚታወቀው ከዚህ መረጃ ነውና፣ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፤ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መባሉም አይዘንጋ።

ስምን በተመለከተ ነዋሪው የተናገረው እንደ ተሰማ ይመዝገብ። ጽድ በኦሮምኛ ጋቲራ፣ ወይራ ኤጄርሳ፣ ዝግባ ብርብርሳ ይባላል፤ ሁለቱም ስሞች ይግቡ። ሳይንሳዊውን ስም በግምት መሙላት ግን ባዶ ከመተው የከፋ ነው።

ፎቶግራፍ የደረቀ ናሙናን አይተካም። ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው ባለ 8 ቅጽ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ የተመሠረተው በእንዲህ ያሉ ናሙናዎች ላይ ነው። በአስተዳዳሪው ፈቃድ አበባ ወይም ፍሬ ያለበት ትንሽ ቅርንጫፍ ተወስዶ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይድረቅ፤ በጋዜጣው ላይ በእርሳስ የሚጻፈው ቁጥርም በስልኩ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ስልክ ሊሰበርም ሊጠፋም ይችላልና፣ የዕለቱ መረጃ በዚያው ቀን ወደ ሰበካ ጉባኤው መዝገብ በእጅ ይገልበጥ።