መሬት ላይ የተገኘ ጥንብ አንሳ

የተጎዳ የዱር ወፍ ማከም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ክንፍ ከማሰር አይጀምርም። መጀመሪያ ወፉ በእርግጥ መጎዳቱ ይታያል። የዋጉን ዝቋላን በመሰለ፣ የተከዜ ገደል በበዛበትና ፍየሉም ከብቱም ባለበት አገር፣ ይህ ነገር ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው በጥንብ አንሳ ነው።

ጥንብ አንሳ ሲያገኝ ያለ ልክ ይበላል፤ ሲያጣ ቀናት ይጾማል። ገደል ላይ ተሰባስቦ የሚፈለፍለው የሩፔል ጥንብ አንሳ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ኪሎ ይመዝናል፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። ይህ ወፍ ባንድ ጊዜ ከኪሎ በላይ ሥጋ ውጦ ጉሮሮው ሥር ያለው ከረጢት ሲያብጥ መነሳት ያቅተዋል። ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይወድቃል። ሰውም «ክንፉ ተሰብሯል» ይላል። ጠዋት ደግሞ መሬቱ ሞቆ ሞቃቱ አየር ሽቅብ እስኪነሳ መቀመጥ ግዱ ነው፤ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ሲሞቅም ያው ሐሜት ይከተለዋል። ሲያሳድዱት ያስመልሳል። ይህም ሕመም አይደለም፤ ለመብረር ሸክሙን ማቅለሉ ነው።

ከሰቆጣ ወዲያ መንገድ ዳር ልጆች አንዱን እግሩን በገመድ አስረው ሲጎትቱ አይቻለሁ። አንድ አዛውንት ደርሰው፣ «ተዉት ልጆቼ፣ ላሚቱን ግጦ ነው እንጂ ምንም አልሆነ!» አሉ። ገመዱ ሲፈታ ወፉ የበላውን መለሰ፣ ጥቂት ሮጠና ወደ ገደሉ ወርዶ ተንሳፈፈ።

በእውነት የተጎዳው ይለያል። አንዱ ክንፉ ከሌላው ዝቅ ይላል፣ ወይም ደም አለው፣ ወይም በማግስቱም እዚያው ነው። ያን ጊዜ ከኋላ ጋቢ አልብሶ ጨለማና ጸጥታ ያለበት ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ መንቁሩን ግን ተጠንቀቁ። እባካችሁ ውኃ በአፉ አታፍስሱበት! የአየር ቧንቧው ቀዳዳ ምላሱ ሥር ስለሆነ ውኃው ሳንባው ይገባል። ወተትና እንጀራውስ አይነሳ። የወፍ አጥንት በሁለት በሦስት ሳምንት ይጠግናል፤ ጠማማ ሆኖ ከጠገነ ግን ወፉ ከእንግዲህ አይበርም። ስለዚህ በዚያው ቀን ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። በአንበሳና በአቦ ሸማኔ የታወቀው የቦርን ፍሪ የዱር እንስሳት ማገገሚያ ማዕከል፣ እንስሳ ኮቴ፣ ያለው ሆለታ አጠገብ ነው፤ ከሰቆጣ እዚያ ድረስ የተሰበረ ክንፍ ይዞ መሄድ ቀላል ጉዞ አይደለም።

ማከም የሚበጀው ግን ለጥቂቱ ነው። ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ የተመረዘ አንድ ጥንብ መንጋውን ሙሉ ይጨርሳል፤ አብዛኛው ጥንብ አንሳ ደግሞ በዓመት ቢወልድ ቢወልድ አንድ ጫጩት ነው። በሕንድ ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከብቱን ጥንብ የሚበሉትን የሦስት ጥንብ አንሳ ዝርያዎች ቁጥር ከመቶ ከዘጠና በላይ ጠርጎ፣ ጥንቡ ለውሾች ተረፈ። አገሪቱ መድኃኒቱን ለከብት የከለከለችው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። የሩፔል ጥንብ አንሳም ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተመድቧል። መርዝ የነካው ጥንብ የትም ቢገኝ ወፎቹ ሳያዩት በጥልቅ ይቀበር።