ብልቃጡ ላይ ያለው ቢሊዮን

በፕሮባዮቲክ እንክብል ብልቃጥ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው የሕያዋን ባክቴሪያዎች ብዛት ነው፤ 10 ቢሊዮን፣ 50 ቢሊዮን። በባዶ ሆድ ሲለካ የደም ስኳሩ ከ100 እስከ 125 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የሆነ፣ ማለትም በአሜሪካ መለኪያ ቅድመ ስኳር ላይ ያለ ሰው፣ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ቢያነሳ አይፈረድበትም። ማስረጃው ግን ለቁጥሩ አይመሰክርም። እ.ኤ.አ. በ2019 የቤልጂየሙ ሉቬን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክብደታቸው ለጨመረና ሰውነታቸው ለኢንሱሊን በሚገባ ለማይታዘዝ ፈቃደኞች አከርማንሲያ የተባለውን፣ የአንጀትን ግድግዳ በሚሸፍነው ልጋግ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ለ3 ወራት ሰጡ። አንደኛው ቡድን ሕያውን፣ ሌላው በሙቀት የተገደለውን፣ ሦስተኛው ምንም የሌለበትን ማስመሰያ ወሰደ። የኢንሱሊን ሥራ በግልጽ የተሻሻለው የሞተውን በወሰዱት ላይ ነበር! ከባክቴሪያው ውጫዊ ሽፋን ላይ የሚገኝና ሙቀት የማይበግረው አንድ ፕሮቲን ለዚህ ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው። ታዲያ ሕያዋኑን መቁጠር ስለ ጥቅሙ ምን ይነግረናል?

ጥናቱን የጨረሱት 32 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የስኳር መጠናቸውም ያን ያህል አልወረደም። «ሌሎች ጥናቶች ተደምረው ስኳር ትንሽ እንደሚቀንስ ያሳያሉ» የሚል ቢኖር ልክ ነው፤ ነገር ግን የተደመሩት የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው፣ አንዱ የሠራውን ሌላው ይሠራል ማለት አይቻልም። ተቀባዩም ይለያያል። በእስራኤል የቫይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 አንጀት ውስጥ መሣሪያ አስገብተው ናሙና ሲወስዱ፣ ያው እንክብል በአንዳንዱ ሰው አንጀት ሰፍሮ፣ በሌላው ሳይሰፍር አግኝተውታል። እኛ በእርሾ ያደግን ነን ብሎ መጽናናትም አያዋጣም። የእርሾው ተህዋስያን ምጣድ ላይ ያልቃሉ፤ የሞተ አከርማንሲያ ጠቀመ ማለት ደግሞ የእርሾውም ሬሳ ይጠቅማል ማለት አይደለም። እርጎ ይሻላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2024 የ2ኛውን ዓይነት ስኳር ስጋት ሊቀንስ እንደሚችል እንዲጻፍበት ሲፈቅድ ግን ማስረጃው ውስን መሆኑ አብሮ እንዲገለጽ አዟል።

እንክብሉ ጉዳት ከሌለው ቢሞከርስ? ለብዙ ጤነኛ ሰው ጉዳቱ ጥቂት ነው። ክፋቱ ውጤቱ የተረጋገጠውን ሌላ መንገድ ቦታ ሲይዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመው፣ 3,234 ሰዎችን ያሳተፈው ጥናት ክብደትን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የታለመበት ፕሮግራም ወደ ስኳር በሽታ የሚያልፉትን በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ደግሞ በ31 በመቶ።