ለቤተሰብ የገዛችኋት ላም ጡቷ ደህና ነው?

ከደመወዛችሁ ቆጥባችሁ አገር ቤት ዲቃላ ላም ገዝታችሁ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ስልክ ስለ ጡቷ ጠይቁ። የጡት በሽታ ላሟን ባይገድላት እንኳ ከአራቱ ጡቶቿ አንዱን ለዘለቄታው ሊያደርቀው ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር ብዙ ጊዜ አለመታየቱ ነው። ጡቱ አያብጥም፣ ወተቱም ነጭ ነው፤ መጠኑ ብቻ ይቀንሳል። «መኖ አንሷት ነው» ተብላችሁ ተጨማሪ ብር ከመላካችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪም ወተቱን በሲኤምቲ ይመርምረው። ከየጡቱ የታለበ ጥቂት ወተት ከመመርመሪያው ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል ከወፈረ፣ በሽታው ሳይኖር አይቀርም።

በሽታው ከላም ወደ ላም የሚሄደው በአላቢው እጅና ሁሉም በሚጠረጉበት በዚያ አንድ ጨርቅ ነው። ስለዚህ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ለእያንዳንዷ ላም የራሷ ጨርቅ ይኑራት፣ የታመመችው መጨረሻ ትታለብ። ከታለበች በኋላ የጡቶቿ ጫፍ በአዮዲን መንከሪያ ይነከር። ወዲያው እንዳትተኛም ድርቆሽ ይቅረብላት፤ የጡቱ ቀዳዳ እስኪዘጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይህ ብዙ ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው በየቀኑ አለመሰልቸትን ነው።

ስትነጥፍ በጡቷ ስለሚገባው መድኃኒትም ሐኪሙን ይጠይቁት። መድኃኒት የወሰደች ላም ወተት ግን ሐኪሙ የነገራቸው ቀን እስኪያልፍ ለልጆችም ለገበያም አይሁን፤ ማፍላት መድኃኒቱን አያጠፋውም።