ተጫዋች ክለቡን ሲለቅ

የኳስ ተጫዋች በውል የሚሠራ ደመወዝተኛ ነው። ደጋፊው ግን ደመወዝ የለውም፤ ክለቡንም አይለውጥም። ስለዚህ ተጫዋች ሲሄድበት «ከዳን» ይላል። ፍርዱ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም።

በስፔን አገር የሆነውን እንመልከት። ሁለት ተጫዋቾች ከባርሴሎና ወደ ባላንጣው ወደ ሪያል ማድሪድ ሄዱ። አንዱ ሚካኤል ላውድሩፕ ነው፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ሄደ። በዚያው ዓመት አሠልጣኙ ከአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ጨዋታ አስቀርቶት ነበር። «ተገፍቶ ነው» ያሉለት አልጠፉም።

ሌላው ሉዊስ ፊጎ ነው። በ2000 በ60 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሄደ። ደጋፊው አብዝቶ ይወደው ስለነበር «ለገንዘብ ሸጠን» አለ። በ2002 በባርሴሎና ሜዳ ሲጫወት የአሳማ ጭንቅላት ሳይቀር ተወረወረ።

የደጋፊው ኀዘን እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ያህል የከፈለ ይውሰደው የሚለውን ውል ክለቡም ፈርሞበታል። ባርሴሎናም ቢሆን ፊጎን በ1995 ያመጣው ከፖርቱጋሉ ስፖርቲንግ ክለብ ነው። ያን ጊዜ የባርሴሎና ደጋፊ «ክለቡን ከዳ» ብሎ አልወቀሰውም።

ከዚህ ምን እንረዳለን? ሲመጣልን ደግ፣ ሲሄድብን ከሃዲ ማለት ይቀናናል። የሰው ልብ ደግሞ ከሩቅ አይታይም። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት አካሄዱን እንጠይቅ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና።